ሴንት ፖል ያለውን የወንድሜን ቤት ከአዳማ ሆነው ላሞቁልን ጋሼ

ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። ዛሬ ጠዋት እማዬ «እኚያን ሰው በወጉ ሳታመሰግኚ ልትቀሪ ነው?» ብላ ስትቆጣኝ ነው ቁጭ ያልኩት።

የማመሰግናቸው ሰው እዚሁ አዳማ ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግኑ አባት ናቸው። ስሜ በአደባባይ አይጻፍ ስላሉኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ውለታቸው ግን ያረፈው አሜሪካ ነው። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል በሚባል ከተማ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት።

መጀመሪያ ጋሼን ያወቅናቸው በፍሪጃችን ሰበብ ነው። ዓምና ፍሪጁ ማቀዝቀዝ እምቢ አለ። አንድ ባለሙያ መጥቶ «ሞተሩ ሄዷል» አለና ዋጋ ቆረጠልን። ያለንን ልንበደር ከምንችለው ጋር እየደመርን ሳለን ጎረቤታችን ጋሼን ጠቆመችን። መጡ። ሞተሩን አልነኩትም። ከኪሳቸው የ10 ብር ኖት አወጡ፣ በሩ መሃል አደረጉ፣ ዘጉት። ሳብ ሲያደርጉት ብሩ ሸርተት ብሎ ወጣ። «ጎማው ነው። በዚህ በኩል ሙቀት እየገባበት ሞተሩ ምን ያድርግ?» አሉ። ጎማውን ቀየሩ፣ ከጀርባው የተጋገረውን አቧራ ጠረጉ፣ የጎማውንና የእጃቸውን ተቀብለው ሄዱ። ፍሪጁ ዛሬም ይሰራል።

የዚያን ዕለት ቡና ላይ ነው ታሪካቸውን የሰማነው። ከ20 ዓመት በላይ ሚኒሶታ ኖረዋል። ሥራቸው የቤት ማሞቂያ መግጠምና መጠገን ነበር። ጡረታ ሲወጡ ወደ አዳማ ተመለሱ። እማዬ «የእኔም ልጅ እዚያ ነው» ስትላቸው ስኒውን አስቀምጠው «ቤቱ በምንድነው የሚሞቀው?» ብለው ጠየቁ። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። አዳማ ሆኖ ቤት ስለማሞቅ ማን ያስባል? እኛ ጋ በረዶ ሲባል የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን ነው።

ዘንድሮ ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሚካኤልን ልንሸኝ ነጠላችንን አጣፍተን ስንወጣ ስልኬ ጠራ። እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ነው፣ እነሱ ጋ ከሌሊቱ 10። ቪዲዮውን ስከፍተው ወንድሜ ሳሎኑ መሃል ጃኬት ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ቆሟል። ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ቤት ውስጥ ሆኖ! ማሞቂያው ከምሽት ጀምሮ ጠፍቶበታል። ውጭው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ። የቤቱን ሙቀት የሚያሳየውና የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት 46 ፋራናይት ይላል፣ በእኛ 8 ዲግሪ መሆኑ ነው። የሶስት ወር ልጃቸው እማዬ በላከችው ጋቢ ተጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋለች። ለአስቸኳይ ጥገና የደወለበት ድርጅት «ከነገ ወዲያ እንመጣለን» ብሎታል። የወንድሜ ሚስት ከኋላ «ለቡና ያስቀመጥኩት ከሰል አለ፣ እሱን ላቀጣጥለው» ስትል ሰማሁ።

ባጃጅ ያዝኩና ወደ ጋሼ ቤት በረርኩ። በዓል ነውና ሱቃቸው ዝግ ነበር። ከምሳ ነው ያስነሳኋቸው። ስልኩን ሰጠኋቸው። ሰላምታም አላስቀደሙም።

«ልጄ፣ ከሰሉን አስቀምጪ። ጨርሶ እንዳታቀጣጥይ። መብሰያውንም ለማሞቂያ ብለሽ እንዳትከፍቺ።»

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። የመርዛማው ጭስ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማንቂያው ይጮሃል? አይጮህም። ይሰራል? ይሰራል። «ቢጮህ ኖሮ ልጅህን ይዘህ ውጣና ለእሳት አደጋ ደውል ነበር የምልህ። አሁን ቤዝመንት ውረድ።»

ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ማሞቂያው፣ እነሱ ፈርነስ የሚሉት፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ብረት ነው። ክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ መስታወት ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። «ቁጠረው» አሉት። ሶስት ጊዜ ብልጭ፣ ከዚያ እረፍት፣ እንደገና ሶስት። «አሁን ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፋና ክዳኑን ክፈት። ከጀርባው ወረቀት ተለጥፏል። ሶስት ምን ይላል?» ወንድሜ በስልኩ መብራት አነበበ። ፕሬዠር ስዊች፣ የአየር ግፊቱን የሚጠብቀው ማለት ነው።

ጋሼ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። «ደህና ነው ልጄ። ታፍኖ ነው።»

እንዲህ ነው ነገሩ። እንደ እሱ ያሉት ጋዝ ቆጣቢ ማሞቂያዎች እንደ ድሮዎቹ በጣሪያ ጭስ ማውጫ አይተነፍሱም። በግድግዳ በኩል በሚወጡ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ነው የሚተነፍሱት። አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ያስወጣል። የዚያን ቀን በረዶውን ነፋስ ገፍቶ ግድግዳው ላይ ከምሮታል። ቧንቧዎቹ ተቀብረዋል። ማሞቂያው መተንፈስ ሲያቅተው ቤቱን በመርዝ ጭስ ከመሙላት ራሱን አጠፋ።

«ውጣና ፈልጋቸው። በእጅህ ጥረግ እንጂ አካፋ አታንሳ፣ ትሰብራቸዋለህ።» ወንድሜ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ገብቶ ሲጠርግ፣ የአንደኛው ቧንቧ አፍ በበረዶ ተደፍኖ አገኘው። ከፈተው። ተመልሶ ማብሪያውን አበራ። ከዚህ በኋላ ያለውን መቼም አልረሳውም። ጋሼ በዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስልኩን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው «አሁን ትንሿ ማራገቢያ ትነሳለች» አሉ። ተነሳች። «አሁን የምትለኩሰው ትቀላለች። ጠብቅ። አሁን ጠቅ ይላል።» ጠቅ አለ። «ነበልባሉ ያዘ?» ያዘ። «ትልቁ ማራገቢያ ትንሽ ይዘገያል፣ እንዳትደነግጥ።» ዘገየ፣ ከዚያ ጉርርር ብሎ ተነሳ። የወንድሜ ሚስት እጇን አየር ማስወጫው ላይ ዘርግታ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አዳማ ላይ በ28 ዲግሪ ሙቀት አብሬያት አለቀስኩ።

ስለ ከሰሉ ትንሽ ልበል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በየካቲት 2021 በፈረንጆቹ ቴክሳስ ውስጥ ብርዱ መብራት ሲያጠፋባቸው ቤት ውስጥ ከሰልና ጄኔሬተር የተጠቀሙ ቤተሰቦች ሞተዋል። እኛም አገር በዝግ ክፍል ከሰል አድርገው ተኝተው ያልነቁትን ሁላችንም ሰምተናል። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ ዛሬ ደውላችሁ «ማንቂያው ይሰራል ወይ?» በሉልኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳን ጋሼን ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸው ነበር። ትልቁ ውለታ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ከሁለት ቀን በኋላ ያ ድርጅት ሰው ላከ። ስሙን አልጠራም። ማሞቂያው በደንብ እየሰራ ሳለ ሰውየው «15 ዓመት ሞልቶታል፣ በማንኛውም ቀን ይሞትባችኋል» አለና ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሰራ፣ ሂት ፓምፕ የሚባል ማሞቂያ እንግጠምላችሁ አላቸው። ዋጋው 16,400 ዶላር። በብድር፣ ለ120 ወር፣ በወር 217። «ይህ ዋጋ ዛሬ ከፈረማችሁ ብቻ ነው። ደግሞ 2,000 ዶላር የፌደራል የታክስ ቅናሽ ታገኛላችሁ።» አራስ ቤት ያለ ሰው፣ ያን ሌሊት ያሳለፈ ሰው ምን ያደርጋል? ወንድሜ እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። ሚስቱ ናት «መጀመሪያ ለጋሼ እንደውል» ያለችው።

ጋሼ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው እንዲልኩላቸው አደረጉ። እኔን ሱቃቸው ጠሩኝና እስክሪብቶ አስያዙኝ። 217 በ120 ወር ሲባዛ 26,040 ዶላር። «ሻጭ ወርሃዊውን ሲያሳይሽ አንቺ ጠቅላላውን ጠይቂ» አሉኝ። የታክሱን ነገር ደግሞ፣ ያ ለሂት ፓምፕ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌደራል ቅናሽ በፈረንጆቹ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም ዕቃ ቀርቷል። ሰውየው በሌለ ገንዘብ ነው ዋጋውን ያቀለለላቸው። ከሁሉ በላይ ጋሼን ያበሳጫቸው ግን ሌላ ነው። «ቤቱን ለካ?» ብለው ጠየቁ። ሰውየው ጣሪያው ሥር አልወጣም። መስኮት አልቆጠረም። ውጭ ቆሞ ቤቱን አይቶ ነው ዋጋ የቆረጠው። የማሞቂያ መጠን የሚወሰነው ቤቱ በብርድ ቀን በሰዓት ስንት ሙቀት እንደሚያጣ ተሰልቶ ነው። ያለዚያ ልክ ሳይወሰድ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሰንደሉ የመጣው። ጋሼ ወንድሜን ነፋስ ባለበት ቀን ሰንደል ለኩሶ በየመስኮቱ፣ በየበሩ፣ በየሶኬቱ ዳር ቀስ እያለ እንዲያዞረው ነገሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና፣ ከተጣመመ ቀዳዳ አለ። እኛም በቪዲዮ አብረን ዞርን። መስኮቶቹ ብዙም ችግር አልነበረባቸውም። ኮርኒሱ ላይ ወዳለችው መውጫ ክዳን ሲያስጠጋው ግን ጭሱ እንደ ክር ተስቦ ወደ ላይ ጠፋ። ቤዝመንቱ ውስጥም ግድግዳውና የእንጨቱ ወለል የሚገናኙበት ጠርዝ ዙሪያውን ይነፍሳል። እማዬ «እንግዲህ ለሰማይ ነው ስታሞቁ የከረማችሁት» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ነው የ10 ብሯ ኖት ትዝ ያለችኝ።

ጋሼ ሂት ፓምፕ የሚጠሉ እንዳይመስላችሁ። ሱቃቸው ውስጥ ጀርባው የተከፈተ ፍሪጅ ነበርና እጄን ይዘው ከኋላ ያለውን ጥቁር ሽቦ አስነኩኝ። ይሞቃል። «ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት እዚህ ያወጣዋል። ሂት ፓምፕ ማለት ይኸው ነው፣ ውጭውን እንደ ፍሪጅ ሆድ ቁጠሪው። ከብርዱ ውስጥ ያለችውን ሙቀት ለቅሞ ቤት ያስገባል።» ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ ብዙ ቤቶች በዚህ ይሞቃሉ። ለብርድ አገር ተብለው የሚሰሩት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ድረስ ይሰራሉ፣ ብቻ ብርዱ በባሰ ቁጥር ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ሻጩ በዚያ ብርድ ስንት ሙቀት እንደሚያወጣ በጽሁፍ ይስጥ ነው የሚሉት።

ከዚያ የወንድሜን ቢል አስመጡና ሂሳቡን በካርቶን ላይ ሠሩት። ካርቶኑ አሁንም እኔ ጋ አለ። ጋዝ የሚቆጠረው በቴርም ነው። 1 ቴርም ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። የወንድሜ ማሞቂያ 95 በመቶውን ስለሚጠቀምበት 28 ያህሉ ቤት ይደርሳል። በእሱ ቢል ላይ ቴርሙ 1.10 ዶላር፣ ኤሌክትሪኩ በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው። ያንኑ 28 በተራ የኤሌክትሪክ ሂተር ብታገኙት 4.20 ዶላር ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት ወስዶ 2.5 የሚመልስ ሂት ፓምፕ ደግሞ 11 ገደማ ይበላል፣ 1.65 ዶላር። ቀኑ ለዘብ ሲልና 3.5 ሲመልስ 1.20 አካባቢ ይወርዳል፣ ከጋዙ ጋር ሊስተካከል ትንሽ ነው የሚቀረው። እንግዲህ ለወንድሜ ቤት፣ በወንድሜ ቢል፣ የሚሰራ ጋዝ ማሞቂያ ነቅሎ 26 ሺህ ዶላር መክፈል ትርጉም የለውም። ጋሼ የመከሩት፣ በሙቀቱ ወራት የሚያቀዘቅዘው ኤሲ አንድ ቀን ሲሞት በሂት ፓምፕ ይተካ፣ ለዘብ ባሉ ወራት እሱ ይስራ፣ ጥሩ ብርድ ሲመጣ ጋዙ ይረከብ ነው። የጋዝ ቧንቧ በማይደርስበት፣ በፕሮፔን ወይም በናፍጣ ወይም በተራ ኤሌክትሪክ ለሚሞቅ ሰው ግን መልሱ ይለያል፣ እዚያ ሂት ፓምፑ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የየራሳችሁን ዋጋ እያስገባችሁ ሥሩት።

ወንድሜ አልፈረመም። ከሻጭ ጋር ግንኙነት የሌለው የቤት ሙቀት ብክነት ገምጋሚ ጠራ። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው አየሩን ወደ ውጭ እየሳቡ ቀዳዳውን ሁሉ ለዩ። ያገኙት ጋሼ በሰንደል ያገኙትን ነው፣ ሁለት ተጨማሪ ቦታ ብቻ ጨመሩ። ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ፣ ጣሪያው ሥር ጥጥ የሚመስለው የሙቀት መከላከያ ተጨመረ። በጠቅላላ 2,300 ዶላር። የማሞቂያው ፊልተርም ተቀየረ፣ ሲያወጡት ግራጫ ብርድ ልብስ መስሎ ነበር። በየወሩ ማየት፣ ቢበዛ በሶስት ወር መቀየር ነበረበት።

ስለ ክፍያው ማንም ያልነገራቸውን የነገሯቸውም ጋሼ ናቸው። የብርዱ ወራት ቢል አናት የሚመታው በጥርና በየካቲት ስለሆነ፣ ለጋዝ ድርጅቱ ደውሎ የዓመቱ ክፍያ በ12 ወር እኩል እንዲከፋፈል መጠየቅ ይቻላል። ቅናሽ አይደለም፣ ግን ድንጋጤውን ያስቀራል። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ መክፈል ያቃተውን ቤተሰብ ማሞቂያ እንዳይቆረጥ የሚጠብቅ ሕግ አለ። ራሱ መጥቶ አይጠብቅህም። ደውለህ የክፍያ ስምምነት ማድረግና በስምምነቱ መሰረት መክፈል አለብህ። በፈረንጆቹ ከ1981 ጀምሮ ያለው የፌደራል የማሞቂያ ድጋፍ ደግሞ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ቢሉን ያግዛል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ተከራይም ያመለክታል። የቤት ቀዳዳ ደፍኖና መከላከያ ጨምሮ በነፃ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራምም በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ አለ፣ እሱም በገቢ ነው። የወንድሜ ሚስት በወሊድ ምክንያት ሥራ ካቆመች በኋላ ገቢያቸው ግማሽ ሆኗል። ሆኖም ለማመልከት አፈሩ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ታክስ ስትከፍል አፍረሃል?» አሉት። በማግስቱ አመለከተ።

የቀጣዩ ወር ቢል መጣና ቀንሶ አገኙት። ወንድሜ ደስ ብሎት ለጋሼ ላከላቸው። እሳቸው ግን «ወሩ ሞቅ ብሎ እንደሆነስ? ሚዛኑ ከገንዘቡ አይደለም፣ የቀኑን ብርድና የተቃጠለውን ቴርም አብራችሁ እዩት» ብለው መለሱለት። አዩት። ብርዱ ካለፈው ወር ብዙም አይለይም ነበር፣ ቴርሙ ግን ወርዷል። ያኔ ነው ጋሼ «እሰይ» ያሉት። እኔ ይህን ጥንቃቄያቸውን ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ምስጋና እንኳን ሳይመዝኑ አይቀበሉም።

ገንዘብ ሊልክላቸው ሲል እምቢ አሉ። «የመከርኩት ለአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሂሳብ የለውም» አሉ። እማዬ ዶሮ ሠርታ ይዛላቸው ሄደች። እሱን ተቀበሉ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው። አዳማ ያላችሁ፣ ፍሪጅ፣ ኤሲ፣ የልብስ ማጠቢያ ሲበላሽባችሁ እኚህን ሰው ጥሩ። ሞተር ይቀየር ከማለታቸው በፊት ጎማ ያያሉ፣ አቧራ ያያሉ፣ ሶኬት ያያሉ። የሚያስከፍሉትን ሥራው ሳይጀመር ይነግሯችኋል። አሮጌውን ዕቃ ፈትተው በእጃችሁ ያስይዟችኋል። ቀጠሮ ያከብራሉ፣ ይህ ብቻውን በእኛ ከተማ ምን ያህል እንደሆነ የጠበቀ ያውቀዋል። ብቻ ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ጣሪያ ላይ አታስወጧቸው፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ረዳታቸው ወጣት ልጅ ነው የሚወጣው፣ እሱም እጁ ጎበዝ ነው። ብርድ አገር ልጅ ወይም ወንድም እህት ያላችሁም ሂዱና አማክሯቸው። ቢሉን ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ ቢል አያወሩም። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ በኢንቦክስ ጻፉልኝና ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ልጅ ካለ ይስሙልኝ። እማዬ ያቺ ሌሊት ብላ የምትጀምረው ጸሎት ላይ ስምዎ ገብቷል። የልጅቷ ፎቶ መጥቷል፣ ሁለት ጥርስ አብቅላለች፣ እሁድ ይዤልዎ እመጣለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ራሳቸው ደወሉ። ሴንት ፖል ላይ ማክሰኞ በረዶ ይጥላል የሚል ትንበያ አይተዋል። ወንድሜ ቧንቧዎቹን ማታ ሳይተኛ እንዲያያቸው ንገሪው አሉኝ።